ልጄን እጅ ላጠረው ትምህርት ቤት ልስጥ?

ትምህርት ቤቱን ወድጄዋለሁ። ይህን መጀመሪያ ልናገር፣ ምክንያቱም ቀጥሎ የምጽፈው ሁሉ ከዚህ መውደድ ጋር ሲታገል የከረመ ሐሳብ ነው። መምህራኑ የልጆቹን ስም ያውቃሉ። ክፍሉ አልተጨናነቀም። ልጆቹ ሲያነቡ አይቻለሁ፤ ስላነበቡት ሲጠየቁም በራሳቸው አነጋገር ይመልሳሉ እንጂ የሸመደዱትን አይደግሙም። ልጄ አንደኛ ክፍል ልትገባ ነው። ለእሷ የምመኘው ይህንኑ ነው።

ግን ትምህርት ቤቱ ገንዘብ የለውም። ደመወዝ እንደሚዘገይ፣ ውዝፍ ኪራይ እንዳለበት፣ የተማሪው ቁጥር ከዓመት ዓመት እየቀነሰ እንደመጣ ከአንድ በላይ ሰው ነገረኝ። ኋላም ከራሳቸው ከትምህርት ቤቱ ሰዎች አፍ ሰማሁት።

እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥም ሰው ሁለት ዓይነት ምክር ይሰጣል። አንዱ "ዞር ብለሽም አትዪው" ይላል። ሌላው "ያልተቸገረ ማን አለ? ዋናው ትምህርቱ ነው" ይላል። ሁለቱም አልረዱኝም። የመጀመሪያው ተቸግረው የዳኑ ብዙ ትምህርት ቤቶች እንዳሉ ይረሳል። ሁለተኛው ደግሞ ትምህርቱና ገንዘቡ የማይገናኙ ይመስለዋል። ይገናኛሉ። ያውም በጣም ቅርብ በሆነ ቦታ፣ በመምህሩ በኩል ነው የሚገናኙት። ወደዚያ እመጣለሁ።

መጀመሪያ ገንዘቡ እንዴት እንደሚሠራ መረዳት ነበረብኝ። የግል ትምህርት ቤት ወጪ አብዛኛው ደመወዝ ነው። ቀጥሎ ሕንፃው ይመጣል፤ ኪራይ ወይም የብድር ክፍያ። ሁለቱም ተማሪ ስለቀነሰ አይቀንሱም። 30 ልጅ የሚይዝ አንድ ክፍል እንውሰድ። የመምህሯን ደመወዝ፣ የክፍሉን ኪራይና የአስተዳደሩን ድርሻ ለመሸፈን የ24 ልጅ ክፍያ ያስፈልጋል እንበል። ክፍሉ ሲሞላ የስድስት ልጅ ክፍያ ይተርፋል፤ ለቤተ መጻሕፍቱ መጽሐፍ የሚገዛው፣ ጣሪያ የሚጠገነው፣ ለክፉ ቀን የሚቀመጠው ከዚያ ነው። ልጆቹ 24 ሲሆኑ ወጪና ገቢው ልክ ለልክ ይሆናል። 20 ሲሆኑስ? መምህሯ ያው አንድ ናት፣ ክፍሉም ያው አንድ ነው፣ የአራት ልጅ ክፍያ ግን ከየት እንደሚመጣ ማንም አያውቅም። ይህ አንድ ክፍል ብቻ ነው። በ12 አባዙት።

ከዚያ ክፍያ ይጨመራል፤ አቅም የሌለው ቤተሰብ ይወጣል። ወይም ወጪ ይቆረጣል፤ አቅም ያለውና ሌላ አማራጭ የሚያይ ቤተሰብ ይወጣል። በየትኛውም መንገድ ተማሪ ይቀንሳል፣ ጉድለቱም ይሰፋል።

ብዙ ወላጅ ልብ የማይለው ደግሞ ጊዜው ነው። ክፍያ የሚገባው በተርሙ መጀመሪያ በአንድ ላይ ሲሆን ወጪው ወር በወር ነው። ዓመቱ ሊያልቅ ሲል እና በረጅሙ ዕረፍት ካዝናው ይደርቃል። ደህና አቋም ያለው ትምህርት ቤት ይህን ወቅት የሚሻገረው አስቀድሞ ባስቀመጠው ነው። እጅ ያጠረው ግን ለሚቀጥለው ዓመት በሚሰበስበው የምዝገባ ገንዘብ ይሻገራል። ማለትም እኔ ልጄ ወደፊት ለምትማረው የከፈልኩት ገንዘብ ላለፈው ዓመት ውዝፍ ደመወዝ ይውላል። አንዴ እዚህ አዙሪት ውስጥ የገባ ትምህርት ቤት ሁልጊዜ ከሚቀጥለው ዓመት እየተበደረ ይኖራል፤ ምዝገባ የቀነሰበት ዓመት ሲመጣ ነገሩ ይቆማል።

ለዚህ ነው "የዓመቱን በሙሉ አስቀድመው ቢከፍሉ ጥሩ ቅናሽ አለን" ስባል ደስ ያላለኝ። ትንሽ ቅናሽ የተለመደ ነው፤ ምንም ችግር የሌለበት ትምህርት ቤትም ያደርገዋል። ቅናሹ ባንክ ከሚጠይቀው ወለድ በልጦ ሲገኝ ግን ባንክ እምቢ ያለውን ብድር ከወላጅ እየወሰዱ ነው ማለት ነው፣ ያውም ያለ መያዣ። መያዣ ማጣት ትርጉሙ የሚታወቀው ድርጅቱ ሲከስር ነው። በአብዛኛው አገር ሕግ ሕንፃውን በመያዣ የያዘው ባንክ ከሽያጩ ቀድሞ ይወስዳል። የሠራተኛ ደመወዝም በብዙ ቦታ ቅድሚያ አለው፤ ሊኖረውም ይገባል። ግብር ሰብሳቢው አለ። አስቀድሞ የከፈለ ወላጅ ከእነዚህ ኋላ ቆሞ የተረፈ ካለ ይካፈላል። ብዙውን ጊዜ የሚተርፍ የለም።

ይህ በሀብታም አገርም የደረሰ ነገር ነው። በአውስትራሊያ ሜልበርን አካባቢ የነበረው ሞውብሬይ ኮሌጅ፣ ስሙ ኮሌጅ ይሁን እንጂ የታችኛ ክፍል ልጆችን ጭምር የሚያስተምር የግል ትምህርት ቤት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 ዕዳው ከአቅሙ በላይ ሆኖ በትምህርት ዓመቱ መካከል ተዘጋ። ቤተሰቦች ዓመቱ ሳያልቅ ሌላ ትምህርት ቤት ፍለጋ ወጡ። በስዊድን ደግሞ ጄቢ ኤጁኬሽን የተባለ በርካታ ትምህርት ቤቶች የነበሩት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ከሰረ። 10 ሺህ ገደማ ተማሪዎች ነበሩት። ባለቤቱ አክሴል የተባለ የዴንማርክ ኢንቨስትመንት ድርጅት ነበር። በስዊድን እንዲህ ያሉ ትምህርት ቤቶች ወላጅን አያስከፍሉም፤ በተማሪ ቁጥር ልክ ከሕዝብ ገንዘብ ይከፈላቸዋል። ስለዚህ እዚያ ወላጅ የከፈለው ክፍያ አልጠፋበትም። ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች ለሌሎች ተሸጡ፣ የተዘጉም ነበሩ፣ ልጆቹም የመረጡትን ትምህርት ቤት ነገ ማን እንደሚያስተዳድረው ሳያውቁ ሰነበቱ። ይህን ሳነብ ነው ስለ ገንዘቡ ብቻ መጨነቄን የተውኩት። ገንዘብ ይተካል። የልጅ ዓመት አይተካም።

ትልቅ የሆነ ድርጅት ሲወድቅ የሚደግፈው ሊያገኝ ይችላል። አሁንም በአውስትራሊያ፣ ኤቢሲ ለርኒንግ የተባለው የሕፃናት ማቆያ ኩባንያ በብድር ከመጠን በላይ ተስፋፍቶ እ.ኤ.አ. በ2008 ሲወድቅ መንግሥት ማቆያዎቹ ወዲያው እንዳይዘጉ ገንዘብ አቀረበ፤ የብዙ ሺህ ወላጅ ሥራ የተንጠለጠለው በእነሱ ላይ ነበርና። አንድ ሰፈር ውስጥ ያለ አንድ ትምህርት ቤት ሲወድቅ ግን ማንም እንዲህ አይሯሯጥም። ያለው የራሱ ወላጅና የራሱ መምህር ብቻ ነው።

ታዲያ ሁሉም የተቸገረ ይወድቃል ማለት አይደለም። ስዊት ብራያር በአሜሪካ ቨርጂኒያ ያለ የሴቶች ኮሌጅ ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2015 ቦርዱ በገንዘብ ችግር ምክንያት እንደሚዘጋ አስታወቀ። የቀድሞ ተማሪዎቹ ተነሡ፣ ጠበቃ ቀጠሩ፣ ገንዘብ አሰባሰቡ፤ በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ በስምምነት አተረፉት። ዛሬም ያስተምራል። ዩኒቨርሲቲና አንደኛ ክፍል አንድ አይደለም፣ ነገር ግን ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ወስጃለሁ። አንደኛ፣ ሰው የሚወደው ትምህርት ቤት በወረቀት ላይ ከሚታየው በላይ ጉልበት አለው። ሁለተኛ፣ "ይዘጋል" የሚለው ዜና በተነገረና ስምምነቱ በመጣ መካከል ባሉት ወራት ውስጥ ብዙ ተማሪና ብዙ መምህር ሄዷል። የዳነውም ቆስሎ ነው የዳነው።

ስለዚህ "ተቸግሯል ወይ?" ብዬ መጠየቅ ትቼ "ምን ዓይነት ችግር ነው?" ወደሚለው ዞርኩ። ችግር ሁሉ አንድ አይደለም። ከውጭ በድንገት የመጣ አለ። እ.ኤ.አ. በ2020 ወረርሽኙ ሲመጣ ለዓመታት በደህና የቆዩ ትምህርት ቤቶች በወራት ውስጥ ተንገዳገዱ። እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2025 ጀምሮ በግል ትምህርት ቤት ክፍያ ላይ 20 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ሲጣል ትናንሽ ትምህርት ቤቶች ሒሳባቸውን እንደገና መሥራት ነበረባቸው። እንዲህ ያለው ምት ሊታለፍ የሚችል ነው፤ ያኔ የሚያስፈልገው የሚያሻግር ገንዘብና የረጋ አመራር ነው። ሕንፃ ለመገንባት የተወሰደ ብድር ሌላ ነው። ብድሩ የተወሰደው "ተማሪ ይመጣል" ተብሎ ስለሆነ ተማሪው ካልመጣ የሚያድነው የለም፤ ወይ ሕንፃው ይሸጣል ወይ አበዳሪው ይታገሣል። በዝግታ የሚመጣ የተማሪ መቀነስም አለ፤ አካባቢው ላይ ልጅ ሲያንስ ወይም ሌላ ትምህርት ቤት ሲከፈት። ይህኛው ድንገት አይገድልም፤ ራሱን አሳንሶ መኖር የሚችል ትምህርት ቤት ብዙ ዓመት ይቆያል። ከሁሉ የከፋው ባለቤቱ የትምህርት ቤቱን ገቢ ለሌላ ሥራው የሚያዞርበት ነው። እሱን ምንም ዓይነት የወላጅ ትብብር አይጠግነውም፣ ወላጅ የሚጨምረው ሁሉ በሌላ በር ይወጣልና።

የእኛው ሦስተኛው ዓይነት ሆኖ አገኘሁት። ተማሪ በዝግታ ቀንሶበታል። በላዩ ላይ ኪራይ ጨምሯል።

አሁን ወደ መምህሩ ልምጣ።

ታላቅ እህቴ ረጅም ዘመን መምህርት ሆና ሠርታለች። ደመወዝ ከሚያዘገይ ትምህርት ቤትም ወጥታ ታውቃለች። ስለዚህ ጉዳይ ሳወራት የትምህርት ቤቱን ሒሳብ አልጠየቀችኝም። "ደመወዝ ሲዘገይ ቀድመው ይነግሯቸዋል ወይስ ቀኑ ካለፈ በኋላ ነው የሚሰሙት?" አለችኝ። አላውቅም አልኳት። "እሱን እወቂ። ሌላው ሁሉ ከዚያ ይመጣል። እኔ የወጣሁት ደመወዜ ስለዘገየ አይደለም እኮ። ለልጄ ክፍያ፣ ለቤት ኪራዬ ምን ብዬ ቀጠሮ ልስጥ? የሚነግረኝ ሰው ስላጣሁ ነው የወጣሁት።"

ከዚያ ደሞዝ የዘገየበት ትምህርት ቤት ከውስጥ ምን እንደሚመስል ነገረችኝ። ውጭ ላለ ወላጅ ለብዙ ጊዜ ምንም አይታይም። መጀመሪያ የሚሄዱት ሌላ ቦታ ቶሎ የሚፈለጉት ናቸው፤ የሒሳብ፣ የፊዚክስ፣ የኮምፒውተር መምህራን። የሚቀሩት ክፍለ ጊዜያቸው ይጨምራል። የሄደው መምህር ቦታ "ለጊዜው" በሌላ ትምህርት መምህር ይሸፈናል፤ ያ ጊዜያዊ ነገር ዓመቱን ይጨርሳል። ሁለት ክፍል ይዋሃዳል። የማንበብ ችግር ያለባቸውን ልጆች ለብቻ የምታግዘው መምህርት አትተካም፤ እሷ ብትቀር የሚጮህ ወላጅ ጥቂት ነውና። ማስጠናት ፍለጋ ከሰዓት በኋላ የሚሮጥ መምህር ደብተር ለማረም ጊዜ አያገኝም፣ ስለዚህ የቤት ሥራ ያንሳል፣ ያለውም "ታይቷል" የሚል ፊርማ ብቻ ይዞ ይመለሳል። ትምህርት ቤቱ ግን አልተዘጋም። ደወሉ በሰዓቱ ይደወላል፣ ሰልፉ አለ፣ ዩኒፎርሙ ንጹሕ ነው።

በእኔ እምነት ከመዘጋቱ ይልቅ የሚያስፈራው ይህ ነው። መዘጋት የሚታይ ነገር ነው፤ ሲዘጋ ልጄን ይዤ እሄዳለሁ። ሳይዘጋ እየሳሳ የሚሄድ ትምህርት ቤት ግን ሁለትና ሦስት ዓመት ሊወስድብኝ ይችላል፣ እኔም ክፍያ እየከፈልኩ፣ ካርድ እየተቀበልኩ፣ ልጄ ማንበብ ያልለመደችው የራሷ ድክመት ይመስለኛል። አንደኛ ክፍል ላይ ያለ ልጅ "ዛሬ መምህራችን አልመጣችም" ብሎ ሲመጣ ለእሱ ጨዋታ ነው። ለቤተሰቡ ግን የሚቆጠር ነገር ነው።

እህቴ የነገረችኝ አንድ ምልክት ደግሞ ከልቤ አልወጣም። መምህራኑ የራሳቸውን ልጆች እዚያው ያስተምራሉ ወይ? ብዙ ትምህርት ቤት ለሠራተኛ ልጆች ቅናሽ ይሰጣል። ቅናሹ እያለ ልጆቻቸውን ማውጣት ከጀመሩ፣ ካንተ በፊት አውቀዋል። ጠየቅኩ። እዚያው ናቸው። ይህ ከሰማሁት መልካም ነገር ሁሉ የበለጠ አበረታኝ።

ቀጥሎ ቀጠሮ ይዤ ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ሄድኩ። ጥያቄዎቼን ጽፌ ነበር የሄድኩት፤ እንዲህ ባላደርግ በመልካም አቀባበላቸው ረስቼው እወጣ ነበር። ደመወዝ ላለፈው አንድ ዓመት በየወሩ በስንተኛው ቀን ተከፈለ? ከደመወዝ ላይ የተቆረጠው ግብርና ጡረታ ለሚመለከተው ገብቷል? (ይህኛው ከባድ ነው። ከሠራተኛ ቆርጦ ለመንግሥት ሳያስገባ የቀረ ድርጅት ያልራሱን ገንዘብ እየተጠቀመ ነው፤ አንድ ቀን የባንክ ሒሳቡ ሊታገድበት ይችላል።) የኪራይ ውሉ መቼ ያልቃል? ባለፈው ዓመት ስንት መምህር ለቀቀ፣ ስንቱስ ተተካ? የሚቀጥለው ዓመት ምዝገባ ስንት ላይ ደርሷል፣ ወጪና ገቢው እኩል የሚሆነውስ በስንት ተማሪ ነው? ኦዲተሩ ምን ጻፈ?

የመጨረሻውን ጥያቄ ያወቅሁት ሒሳብ ሠራተኛ ከሆነ ጓደኛዬ ነው። ዓለም አቀፉ የኦዲት ደረጃ ቁጥር 570 ኦዲተሩ አንድ ድርጅት ቢያንስ ለሚቀጥሉት 12 ወራት ሥራውን መቀጠል ይችላል ወይ የሚለውን እንዲመረምር ያዛል። ከባድ ጥርጣሬ ካለ በሪፖርቱ ውስጥ ራሱን የቻለ ክፍል ይጻፋል። ሌላውን የቁጥር ገጽ መረዳት ባልችል እንኳ ያንን አንቀጽ ማንበብ እችላለሁ። በአንዳንድ አገር ወላጅ መጠየቅም አያስፈልገውም። እንግሊዝ ውስጥ በበጎ አድራጎት ድርጅትነት የተመዘገቡ የግል ትምህርት ቤቶች ሒሳብ በበጎ አድራጎት ኮሚሽኑ ድረ ገጽ ላይ ለማንም ይታያል። አሜሪካ ውስጥም ለትርፍ ያልቆሙ ብዙ ትምህርት ቤቶች ፎርም 990 የተባለውን ዓመታዊ ሪፖርት ያቀርባሉ፤ ሰነዱ ለሕዝብ ክፍት ነው። በባለቤት ስም የተያዘ ትምህርት ቤት ላይ ግን ወላጅ ያለው መንገድ አንድ ነው፣ ፊት ለፊት መጠየቅ።

ርዕሰ መምህሩ መጀመሪያ "ይህን የጠየቀን ወላጅ የለም" አሉኝ። ቅር ያላቸው መስሎኝ ነበር። ግን መለሱ። ደመወዝ መዘግየቱን አመኑ፤ የዘገየባቸውን ወራት ነገሩኝ። መምህራኑን ከወሩ መጨረሻ በፊት ሰብስበው እንደሚነግሩና ዝቅተኛ ደመወዝ ላላቸው አስቀድመው እንደሚከፍሉ፣ የራሳቸው ደመወዝ መጨረሻ ላይ እንደሚወጣ አስረዱኝ። ይህን በኋላ ከአንዲት መምህርት ጠይቄ አረጋግጫለሁ። የኦዲት ሪፖርቱን ግን ወዲያው አላሳዩኝም። "ቦርዱን ልጠይቅ" አሉ። በቀጠሮው ስመለስ አስነበቡኝ። ጥርጣሬው ተጽፏል። "አልደብቅዎትም፣ ይህ ዓመት ለእኛ ወሳኝ ነው" አሉኝ።

ለእኔ ከቁጥሩ በላይ የመዘነው ይህ አነጋገር ነው። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ይባላል። የሚያለባብስ አመራር ያለበት ትምህርት ቤት ገንዘብ ቢያገኝ እንኳ አልገባበትም፤ ሲዘጋም የሚነግረኝ በሩ ከተዘጋ በኋላ ነውና። ሌላ የጎበኘሁት ትምህርት ቤት ነበር፤ ሕንፃው ያምራል፣ ቀለሙ አዲስ ነው። ስለ መምህራን መልቀቅ ስጠይቅ "እኛ ጋ እንደዚህ ዓይነት ነገር የለም" ብለው ወደ መዋኛ ገንዳው ወሰዱኝ። መምህር የማይለቅበት ትምህርት ቤት የለም።

እዚህ ላይ ስለ ወላጆች አንድ ነገር ማለት አለብኝ። ወሬው በወላጆች የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ሲናፈስ አይቻለሁ። አንድ ሰው "ሊዘጋ ነው አሉ" ይጽፋል። ማን አለ? አይታወቅም። በሰዓታት ውስጥ ሰው ስለ ሌላ ትምህርት ቤት መጠያየቅ ይጀምራል። ቆም ብላችሁ አስቡት፤ ትምህርት ቤቱ የሚኖረው በተማሪ ቁጥር ነው። 24 ልጅ ከሚያስፈልገው ክፍል አምስት ቤተሰብ ፈርቶ ከወጣ ፍርሃቱ ራሱ እውነት ይሆናል። ማንም ክፉ አላሰበም፣ እያንዳንዱ ለልጁ ነው የተጨነቀው፣ አብረው ግን ዘጉት። ስለዚህ ያየሁትን ሪፖርት ግሩፕ ላይ አልለጠፍኩም። የጠየቁኝን ወላጆች ግን ሄደው እንዲጠይቁ፣ ምን ብለው እንደሚጠይቁም ነግሬያቸዋለሁ። ወላጆች ተሰብስበው ሒሳቡ በየተርሙ እንዲቀርብላቸው ቢጠይቁ የተሻለ ነው ብዬ አምናለሁ። ብቻውን የፈራ ወላጅ ይሸሻል፣ አብሮ ያወቀ ወላጅ ግን ሊቆይ ይችላል።

በዚያው ልክ ደግሞ የትምህርት ቤቱን ሸክም በልጄ ትከሻ ላይ የመጫን ግዴታ የለብኝም። "እናንተ ከወጣችሁ እንዘጋለን" የሚል ልመና የሰማ ወላጅ ካለ ልቡ ይራራል፤ የእኔም ይራራል። ርኅራኄዬን ግን በራሴ ገንዘብና በራሴ ጊዜ እገልጸዋለሁ። ልጄን በርኅራኄ የትም አላስገባም።

ባለቤቴ መጀመሪያ አልተስማማም። "የስድስት ዓመት ልጅ ላይ ለምን እንሞክራለን?" አለ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ያደረግነው ነገር ቢኖር የመጨረሻውን ክፉ ነገር እንደሆነ አድርገን ማሰብ ነው። ትምህርት ቤቱ በዓመቱ መካከል አንድ ዓርብ ተዘጋ እንበል። ሰኞ ልጃችን የት ናት? ይህን ጥያቄ መመለስ ካልቻልን ሌላው ምርመራ ሁሉ ዋጋ የለውም። ለመመለስ ሁለት ሌሎች ትምህርት ቤቶችን አነጋገርን፤ አንደኛው በዓመት መካከል ተማሪ ይቀበላል፣ ለአንደኛ ክፍልም ብዙውን ጊዜ ቦታ አለው። ጥሩ ነው፣ የምንወደውን ያህል ባይሆንም።

ልጅ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ስለሚያርፍበት ቦታ ያነበብኩት አንድ ጥናት ረድቶኛል። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያለው ክሬዶ የተባለ የምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2017 በ26 የአሜሪካ ግዛቶች ውጤታቸው ዝቅተኛ ሆኖ የተዘጉ የሕዝብ ትምህርት ቤቶችን ተማሪዎች ተከታትሎ ነበር። ወደ ተሻለ ትምህርት ቤት የሄዱት ልጆች ከሌሎቹ የተሻለ ተጓዙ። ወደ ተሻለ መግባት የቻሉት ግን ከግማሽ በታች ናቸው። የእኛ ጉዳይ የተለየ ነው፣ ግን ቁም ነገሩ ያው ነው፤ መዘጋቱ ብቻውን ሳይሆን ልጁ ቀጥሎ የሚያርፍበት ቦታ ይወስናል። ቦታውን ደግሞ በችኮላ ቀን መምረጥ አይቻልም።

ዕድሜም አለ። ታናሽ ወንድሜ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጅ ቢኖረውና ስለዚሁ ትምህርት ቤት ቢጠይቀኝ እምቢ በል ነበር የምለው፣ ያለ ማመንታት። በፈተና ዓመት መምህር መቀያየር፣ የትምህርት ማስረጃ በተዘጋ ቢሮ ውስጥ ተቆልፎ መቅረት፣ ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ ወረቀት ፍለጋ መንከራተት፣ ይህን ማንም ልጅ ላይ አልፈርድም። የአንደኛ ክፍል ልጅ ግን ፊደልና ቁጥር ከያዘች ትምህርት ቤት መቀየር ትችላለች። የሚከብዳት ጓደኞቿን ማጣት ነው፣ እሱም ቀላል ነው አልልም።

ወሰንን። ይመዝግቡልን ብለናል።

የዓመቱን ቅናሽ አልወሰድነውም። የምንከፍለው በተርም ነው፣ ደረሰኝ በየጊዜው፣ በትምህርት ቤቱ ስም ባለው ሒሳብ ብቻ። በቅናሹ ልናተርፍ የምንችለውን ገንዘብ እንደ መድን ቆጥረነዋል። በየተርሙ መጨረሻ ካርዷን ማኅተም ካረፈበት ኮፒ ጋር እቤት እናስቀምጣለን። የትምህርት ቤቱ ፈቃድ መቼ እንደሚታደስ አይተናል። ሁለተኛውን ትምህርት ቤት በየተርሙ ደውለን ቦታ እንዳለ እንጠይቃለን።

ከባለቤቴ ጋር የተስማማንበት ነገር ደግሞ ወረቀት ላይ አለ፤ በኋላ ፍቅርም ፍርሃትም እንዳይለውጠን። የክፍሏ መምህርት ለቅቃ በአንድ ወር ውስጥ ካልተተካች እናወጣታለን። ደመወዝ ሁለት ወር በተከታታይ ሳይከፈል ቀርቶ ለመምህራኑ ቀን ካልተነገራቸው እናወጣታለን። ጠይቀን መልስ ያጣንበት ቀን ከመጣም እንዲሁ። እነዚህ ካልሆኑ ግን በወሬ አናወጣትም። ለርዕሰ መምህሩም ይህንኑ ነግሬያቸዋለሁ፤ "ቢያንስ ለምን እንደወጡ አውቃለሁ" ብለው ፎርሙን ሰጡኝ።